ቫቫኡ ላይ ከዓሣ ነባሪ ጋር ለመዋኘት፦ ሻንጣዬ ውስጥ ምን ይግባ?

የውሃ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ጉዞ ደረሰ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደቡብ ፓስፊክ ውስጥ ወዳለችው የደሴቶች አገር፣ ወደ ቶንጋ እሄዳለሁ። ቫቫኡ በሚባሉት ደሴቶች አምስት ቀን ከሀምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ጋር ለመዋኘት፣ ሁለት ቀን ደግሞ ኮራሉ (ሕያው የባሕር ሥር ዐለት) ላይ ስኖርክል ለማድረግ፣ ማለትም በአፍ በሚያዝ ቱቦ እየተነፈስኩ ለመንሳፈፍ፣ ተመዝግቤያለሁ። ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የቸገረኝ ሻንጣው ነው። ከዋናዋ ደሴት ከቶንጋታፑ ወደ ቫቫኡ የሚወስደኝ አውሮፕላን ትንሽ ስለሆነ የተፈቀደልኝ ኪሎ ከትልቁ አውሮፕላን ያነሰ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያዙ የተባለውን ሁሉ ልያዝ ብል አልችለውም። ስለዚህ የሄዳችሁ ሰዎች በእውነት የተጠቀማችሁበትን ንገሩኝ።

ስለ እኔ ትንሽ ልንገራችሁ። ገንዳ ውስጥ ደህና እዋኛለሁ፤ ክፍት ባሕር ላይ ግን ዋኝቼ አላውቅም። መነጽር አደርጋለሁ። ሩቅ አላይም፣ ቁጥሩ በሁለቱም ዓይን 3.5 ነው። መኪና ውስጥ እንኳ ያቅለሸልሸኛል። ፀጉሬን ሹሩባ ነው የምሠራው። ሌላው ደግሞ፣ ውሃው ሞቃት ነው እየተባለ ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቅ የላስቲክ ዋና ልብስ) ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም።

ሁለቴ ሄጃለሁ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ቫቫኡን ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። መጀመሪያ ስሄድ ሻንጣዬ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። በሁለተኛው ግማሹ ባዶ ነበር፣ የጎደለብኝም ነገር አልነበረም።

ዋናውን ላስቀድም። ፊትሽ ላይ ልክ የሚገጥም ማስክ (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው የዋና መነጽር) እና ከብርድ የሚያድን ልብስ። እነዚህን ሁለቱን የራስሽን ያዢ። ሌላው ሁሉ ወይ ይከራያል፣ ወይ ከሰው ይለመናል፣ ወይ ሳይኖርም ይታለፋል።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። በመጀመሪያው ጉዞ ሦስተኛ ቀን ላይ አንዲት እናት ከግልገሏ ጋር አርፋ አገኘን። ጋይዱ (አስጎብኚያችን) በእጁ ጠራን፣ ቀስ ብለን ገባን። እናትየው ከሥራችን እንደ ትልቅ ጥላ ተዘርግታለች። ግልገሉ ከአገጯ ሥር ወጣና ሊተነፍስ ወደ ላይ መጣ። ገና ሲወለዱ እንኳ ከ4 ሜትር በላይ ናቸው፤ ግን አመጣጡ የሕፃን ነው። ወደ እኔ ዞር ሲል የተከራየሁት ማስክ ውሃ አስገባ። ቀና ብዬ አፈሰስኩት። መልሼ አደረግኩት፣ እንደገና ሞላ። ሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ ስል ግልገሉ ወደ እናቱ ወርዷል። አብረውኝ የነበሩት ዓይኑን አይተውታል። እኔ ያየሁት ማስኬን የሞላውን ውሃ ነው። በሁለተኛው ጉዞ የራሴን ማስክ ይዤ ሄድኩ። ብዙ የሚያምር ነገር አየሁ፤ እንደዚያ የቀረበ ግልገል ግን አላጋጠመኝም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ማስክ ስትገዢ ማሰሪያውን ትተሽ ፊትሽ ላይ ለጥፊውና በአፍንጫሽ ትንሽ አየር ሳቢ። እጅሽን ስትለቂው ፊትሽ ላይ ከቆየ ያንቺ ነው። ከወደቀ፣ ወይም በሆነ በኩል አየር ሲገባ ከተሰማሽ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ተዪው። ማሰሪያ በማጥበቅ አይስተካከልም። እንዲያውም ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የሲሊኮኑ ጠርዝ ይታጠፍና ይብስበታል።

ለዓይንሽ ደግሞ መስታወቱ በቁጥር የሚሠራ ማስክ አለ። ሩቅ ለማያይ ዓይን የሚሆነው ዝግጁ መስታወት በግማሽ ግማሽ ቁጥር ስለሚመጣ 3.5 አያስቸግርሽም። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ገጽ ክብነት መዛባት) ካለሽ ግን ዝግጁው መስታወት እሱን አያርምም፤ በትእዛዝ ማሠራት ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ በሲሶ ያህል ተልቆ፣ ካለበትም ቀርቦ ስለሚታይ ቁጥሩ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ታያለሽ።

አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ ስስ ቅባት አለው። እሱ ካልለቀቀ ምራቅም ሆነ የሚቀባ መድኃኒት ጉሙን አያቆመውም። ተራ የጥርስ ሳሙና በጣትሽ አድርገሽ ውስጡን ፈትጊ፣ እጠቢ፤ ሦስት አራት ጊዜ ድገሚው። አንዳንዱ በላይተር ያቃጥለዋል። አንቺ እንዳታደርጊው፤ በቁጥር የተሠራው መስታወት ሊበላሽ ይችላል።

ማስኩን በጠንካራ ሳጥኑ አድርገሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው። ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይ ልብስ የሚያውስሽ ሰው ታገኚያለሽ፤ በቁጥርሽ የተሠራ ማስክ ግን ቫቫኡ ውስጥ ባለችው ኔያፉ ከተማ የሚያውስሽ አታገኚም።

ስለ ብርዱ ነገ እመለሳለሁ፤ እሱም የራሱ ታሪክ አለው።

ነፋሻ

ማስኩ ላይ የተባለውን ሁሉ እደግፋለሁ። ሹሩባን በተመለከተ ከራሴ ልጨምር። ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወፍራም ሹሩባ ካለ ማስኩ ያጋድላል። ስለዚህ ቀጭንና ወደ ኋላ የተኛ አሠሪው፣ ጫፉም ከአንገትሽ በታች ይታሰር። የጎማ ማሰሪያው ፀጉር ስለሚነጭ ከጨርቅ የተሠራ የማሰሪያ ሽፋን ግዢ። በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ክብደትም የለውም። ግንባርሽ ላይ የሚያመልጥ ፀጉር አንድ ዘለላ እንኳ ማስኩ ሥር ከገባ ውሃ ያስገባል።

ሁለት ዋና ልብስም ያዢ። ጠዋት እርጥብ ዋና ልብስ መልበስን የሚያህል የሚያስጠላ ነገር የለም።

ነርስ ነኝ

የማቅለሽለሹን ነገር እንዳትንቂው። ክፍት ባሕር ላይ ዓሣ ነባሪ ፍለጋ ማለት ብዙ ሰዓት በሚወዛወዝ ጀልባ መዞር ነው። አንዴ ማስመለስ ከጀመርሽ በኋላ የሚዋጥ መድኃኒት አይረዳሽም፤ ሆድሽ አይቀበለውም። ቀድሞ መውሰድ ነው ቁም ነገሩ።

ሜክሊዚን ወይም ዳይመንሃይድሪኔት የሚባሉት እንክብሎች ጀልባው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳሉ። ስኮፖላሚን የሚባለው ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ ደግሞ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ይለጠፋል፣ እስከ 3 ቀን ይሠራል። እሱን ከነካሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። በጣትሽ ዓይንሽን ካሸሽ ብሌንሽ ይሰፋና ብዥ ይልብሻል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለበት ሰው ጨርሶ ሊጠቀምበት አይገባም።

ሁሉም የማስተኛት ጠባይ አላቸው። የሚያደነዝዝሽን መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ላይ መሞከር አደጋ ነው። ስለዚህ ሐኪምሽን አማክሪና ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ቤትሽ ሆነሽ፣ ሥራ በሌለሽ ቀን፣ አንድ ጊዜ ሞክሪው። እንዴት እንደሚያደርግሽ ታውቂያለሽ።

ለመድኃኒት ቦርሳሽ ደግሞ ቁስል ማጠቢያ፣ ውሃ የማያስገባ ፕላስተር፣ የአለርጂ መድኃኒት እና የሚጠጣ ጨውና ስኳር ይበቃሻል። ኮራል የቧጨረው ቁስል ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ያመረቅዛል። በንጹህ ውሃ በደንብ ታጥቦ ቁርጥራጩ ሁሉ መውጣት አለበት። ቶንጋ ውስጥ ወባ የለም፤ ዴንጊ ትኩሳት ግን አለ። አስተላላፊዋ ትንኝ ቀን ቀን ነው የምትነክሰው። ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለበት የትንኝ መከላከያ አትርሺ። ጆሮሽ በቀላሉ የሚታመም ከሆነ ከዋና በኋላ የሚጨመር ማድረቂያ ጠብታ አለ፤ የጆሮ ታምቡሩ የተቀደደ ሰው ግን አይጠቀምበትም።

ጥልቅ ትንፋሽ

ፊንን (እግር ላይ የሚጠለቀውን የዋና መቅዘፊያ) ማንም አላነሳም። የራስሽን ያዢ እላለሁ። የተከራየ ፊን ተረከዝ ይልጣል፤ በሁለተኛው ቀን ቁስል ይዞሽ ትቀመጫለሽ። እኔ የምወደው ረጅሙን ነው። አንዴ ስትገፊው ሩቅ ይወስድሻል፣ ውሃውንም አያንቦጫርቅም።

ሁለቴ ሄጃለሁ

@ጥልቅ ትንፋሽ፣ ለአንተ እውነት ነው ወንድሜ። ለእሷ ግን ረጅም ፊን አልመክርም። ክፍት ባሕር የመጀመሪያዋ ነው፣ ኪሎም ተቆጥሮባታል። ጀልባው ላይ ሰው ተጨናንቆ ይቀመጣል። ረጅም ፊን ያልለመደ ሰው ደግሞ እግሩን ከውሃ በላይ አውጥቶ ይደበድባል። አጭር፣ እግር ሙሉ ለሙሉ የሚገባበት ፊን እና ስስ የኒዮፕሪን (የዌትሱት ላስቲክ) ካልሲ ይበቃታል። ካልሲው መላጥን ይከላከላል፣ ያሞቃልም።

ጥልቅ ትንፋሽ

ክብደቱ ላይ ልክ ነህ፣ እሺ። የማልስማማው ግን ጸጥታው ላይ ነው፤ ጸጥታ ከፊኑ ሳይሆን ከልምምዱ ነው የሚመጣው። እህቴ፣ የትኛውንም ፊን ብትገዢ ገንዳ ይዘሽው ሂጂና አንድ ነገር ተለማመጂ። ፊኑ ከውሃው ወለል በታች ሆኖ፣ ከጭንሽ ተነስተሽ፣ በቀስታ ምቺ። ድምፅ ከሰማሽ አጥፍተሻል። አንድ ሰዓት ብትለማመጂ ይገባሻል።

ይህ ለውበት አይደለም። እናትየው ከአንታርክቲካ አካባቢ ካለው ቀዝቃዛ ባሕር ነው የመጣችው። ቶንጋ ላይ በምትቆይበት ጊዜ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ግልገሏን የምታጠባው ከሰውነቷ ስብ ነው። አንድ ሰው ውሃውን እያንቦጫረቀ ሲያስበረግጋት ተነስታ ትሄዳለች። የምታጠፋው ጉልበት ደግሞ የግልገሉ ወተት ነው። ከጀልባም አይዘለልም፤ ከኋላው ተቀምጠሽ ሸርተት ብለሽ ነው የምትገቢው።

የውሃ ዳር

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ይህን ያህል አልጠበቅኩም ነበር። ማስኩን ዛሬ አዘዝኩ። መድኃኒቱንም ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ እሞክራለሁ። የወተቱ ነገር ግን ልቤን ነካው። ከእንግዲህ ፊን የማነሳ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

ብርዱስ? @ሁለቴ ሄጃለሁ፣ እየጠበቅኩ ነው።

ሁለቴ ሄጃለሁ

መጣሁ። ቫቫኡ ላይ በዓሣ ነባሪ ወቅት የውሃው ሙቀት ከ23 እስከ 26 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጥቅምት ሞቅ ይላል። በጆሮ ሲሰሙት ሞቃት ይመስላል። ግን ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በፍጥነት ይወስዳል። ዓሣ ነባሪ ሲገኝ ደግሞ የገንዳ ዋና አይደለም የምትዋኚው። ጸጥ ብለሽ፣ ሳትንቀሳቀሺ ትንሳፈፊያለሽ። ሰውነትሽ እንደምትዋኚ ያህል ሙቀት አያመነጭም።

የሚገርመው ግን ዋናው ብርድ ከውሃ ስትወጪ ነው። በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚገባው አራት ዋናተኛና አንድ ጋይድ ብቻ ነው። የቶንጋ ሕግ ነው፣ ጥሩ ሕግም ነው። ጀልባው ላይ ስምንት ሰው ካለ አራቱ ገብተው እስኪወጡ አንቺ እርጥብ ሆነሽ ትጠብቂያለሽ። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ንፋስ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። እንዲህ አራት አምስት ጊዜ ገብተሽ ወጥተሽ ቀኑ ሳያልቅ ጥርስሽ ይንቀጫቀጫል። አንድ ልጅ ከእኛ ጋር ነበር፤ በአጭር ቁምጣና ቲሸርት የመጣ። ከሰዓት በኋላ ተራው ሲደርስ አልገባም አለ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወንድ ዓሣ ነባሪ ሲዘፍን ያገኘነው።

ስለዚህ ሙሉ አካል የሚሸፍን 3 ሚሊሜትር ዌትሱት። ብርድ የማይችል ሰው 5 ይልበስ። በትክክል ልክሽ የሆነ ካገኘሽ መከራየትም ይቻላል፤ ከሰፋሽ ግን ውሃ እየገባ እየወጣ ሙቀትሽን ይወስደዋል። ለዚህ ነው የራስሽን ያልኩሽ። ዌትሱት ያንሳፍፋልም፤ ክፍት ባሕር ላልለመደ ሰው ትልቅ እርጋታ ነው። ከሥሩ ስስ ራሽጋርድ (ገላ ላይ የሚጣበቅ የዋና ቲሸርት) ብትለብሺ አንገትሽን አይልጥሽም። እርጥብ ዌትሱት ለመልበስ እግርሽ ላይ የፕላስቲክ ፌስታል አጥልቂና አስገቢው፤ ሽው ብሎ ይገባል።

ለጀልባው ደግሞ ኮፍያ ያለው፣ ንፋስና ውሃ የማያስገባ ሰፊ ጃኬት። ዌትሱቱን ሳታወልቂ ከላይ የምትደርቢው። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ልግዛ ብትዪኝ፣ ከማስኩ ቀጥሎ እሱን ነው የምልሽ። የሱፍ ቆብም ጨምሪ። ትኩስ ነገር የምትይዢበት ትንሽ ፔርሙስ ካለሽ ደግሞ ከጃኬቱ ቀጥሎ እሱን ታመሰግኚዋለሽ።

ካሜራዬ

ካሜራ ትይዢያለሽ? ከያዝሽ፦ በእጅ አንጓ የሚታሰር ገመድ እና የሚንሳፈፍ መያዣ የግድ ነው። ከሥርሽ ያለው ውሃ ጥልቅ ነው፤ ካመለጠሽ አይመለስም። ትንንሾቹ አክሽን ካሜራዎች ሰፊ ስለሚያዩ ዓሣ ነባሪው ቪዲዮው ላይ ከምትጠብቂው በላይ ትንሽ ይሆናል። አትዘኚ፤ ከቪዲዮው ላይ ከፍተኛ ጥራት መርጠሽ ፎቶ ማውጣት ትችያለሽ። ፍላሽ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ካሜራው የሚገባበትን ውሃ የማያስገባ ሣጥን የምትዘጊው ጠዋት፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ በደረቅ እጅ ነው። ጀልባ ላይ ከከፈትሽው እርጥበት ገብቶ ሌንሱ ውስጡን ጉም ይለብሳል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ የሲሊካ ከረጢት አንዷን አስገቢ። ማታ ከነሣጥኑ ንጹህ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አቆዪው። የቀረ ጨው የሣጥኑን መዝጊያ ላስቲክ ይበላዋል።

ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚሄደው። የቶንጋ ሶኬት እንደ አውስትራሊያው ጋደል ያሉ ሁለት ጠፍጣፋ ቀዳዳዎች ያሉት ነው፣ 240 ቮልት። አንድ አዳፕተር ያዢ።

ነፋሻ

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የገባሽ ጊዜ ካሜራውን ጀልባ ላይ ተዪው። እኔ የመጀመሪያዬን በትንሽ ስክሪን ነው ያየሁት። ቪዲዮው አለኝ፣ ትዝታው ግን ስስ ነው።

ካሜራዬ

ፎቶ አንሺ ሆኜም በዚህ እስማማለሁ።

አባ ሞገድ

ልጄ፣ የእኔ ምክር የየብስ ነው። ቶንጋ ውስጥ እሑድ የተከበረ ቀን ነው፤ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈ ነው። ሱቅ ይዘጋል፣ ጀልባ አይወጣም፣ አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግሽን ቅዳሜ ጨርሺ። ቤተ ክርስቲያን ብትሄጂ መዝሙራቸው ልብ ይነካል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን አንድ ደህና ቀሚስ ያዢ። በዋና ልብስ ከተማ ውስጥ አይኬድም። ወንዱም ቢሆን ከወገብ በላይ ራቁቱን አደባባይ ላይ መታየት በሕግ የተከለከለ ነው።

ጥሬ ገንዘብ በፓአንጋ፣ በቶንጋ ገንዘብ፣ ያዢ፤ ትንንሽ ደሴቶች ላይ በካርድ መክፈል አትመኚ። በኒው ዚላንድ በኩል የምታልፊ ከሆነ ደግሞ ጫማሽና ፊንሽ ላይ አፈርም አሸዋም አይኑር። የያዝሽውን ምግብ ሁሉ ቅጹ ላይ አስመዝግቢ። እዚያ በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

እኔ በ61 ዓመቴ ነው የሄድኩት። ጉልበቴ ደከመኝ እንጂ ዓይኔ አልጠገበም።

የውሃ ዳር

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እሑድ እንደሚዘጋ አላውቅም ነበር። የምደርሰው ቅዳሜ ማታ ስለሆነ የሚያስፈልገኝን ከመሄዴ በፊት እጨርሳለሁ።

ሰንስክሪንስ (የፀሐይ መከላከያ ቅባቱስ)? ኮራሉን ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

ጥልቅ ትንፋሽ

ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉት ኬሚካሎች ናቸው ዋና ተጠርጣሪዎቹ። ሃዋይ ሁለቱ ያሉባቸው ሰንስክሪኖች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከልክላለች። ፓላውም ተመሳሳይ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ምረጪ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጨርቅ ነው። ኮራል ላይ ስትንሳፈፊ ፀሐይ የምታገኝሽ በጀርባሽ፣ በአንገትሽና በእግርሽ ኋላ ነው። ረጅም እጅጌ ራሽጋርድና ረጅም የዋና ሱሪ ከለበስሽ የሚቀባው ፊትና እጅ ብቻ ይቀራል። ግንባርሽ ላይ ግን ወፍራም አድርገሽ አትቀቢ፤ ቀልጦ ማስክ ውስጥ ይገባና ዓይንሽን ያቃጥልሻል።

ኮራሉ ላይ በሁለት ቀንሽ ካፓ ደሴት ላይ ያለውን የስዋሎውስ ዋሻ ጠይቂያቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አዘቅዝቃ ወደ ውስጥ ስትገባ ውሃው ያበራል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ መሃል ልግባ። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው ማስክ አይሻልም? በአፍንጫም መተንፈስ ይቻላል። እኔም በሚቀጥለው ዓመት አስቤያለሁ።

ሁለቴ ሄጃለሁ

ለዚህ ጉዞ እሱን ተወው ወንድሜ። ውሃ ከገባበት እንደ ስኖርክል ከአፍህ ተፍተኸው አትገላገልም፤ ሙሉውን መንቀል አለብህ። ትንሽ ጠለቅ ብትል አፍንጫህን ይዘህ የጆሮህን ግፊት ማስተካከል አትችልም። ደህና ያልተሠራው ደግሞ የተነፈስከውን አየር መልሶ ያስተነፍስሃል። እንዳትገባበት የሚከለክሉ ጀልባዎችም አሉ። ማስኩና ስኖርክሉ ለየብቻ የሆኑበትን ተለማመድ፤ በአፍ መተንፈሱ በአንድ ቀን ይለመዳል።

ነርስ ነኝ

በዚህ ላይ ከሁሉም በላይ እስማማለሁ። ደረትህ ሲጨንቅህ ቶሎ አውልቀህ አየር ማግኘት አለብህ።

የውሃ ዳር

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ገንዳ ውስጥ አራት ቀን ተለማመድኩ። ማስኩ አንድ ጠብታ አያስገባም! የጥርስ ሳሙናውን አምስት ጊዜ ደገምኩት። እንክብሉ አንደኛው በጣም አስተኛኝ፣ ሌላው ተስማማኝ። ሻንጣው ተመዘነ፣ ከተፈቀደልኝ በታች ነው። ጃኬቱን እለብሰዋለሁ እንጂ አልከተውም።

አንድ የምትሉኝ ካለ፣ ከነገ ወዲያ ነው የምነሳው።

ነፋሻ

ትርፍ የማስክ ማሰሪያ። የሚበጠሰው እሱ ነው።

አባ ሞገድ

ጋይዱን ስሚ። ውሃው ውስጥ ከእሱ አትራቂ። በሰላም ግቢ ልጄ።

የውሃ ዳር

ተመልሻለሁ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም፤ ቃል የገባሁት ስለ ሻንጣው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ጃኬቱ! ውሃ ውስጥ ካልሆንኩ በቀር አላወለቅኩትም። እኔ ውሃ ውስጥ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ተውሰውኛል። የሱፍ ቆቡንም እንዲሁ። ትርፍ ማሰሪያውን አልተጠቀምኩበትም፣ ግን አብራን ለነበረች ልጅ ተበጥሶባት ሰጠኋት፤ በዚያው ዳነች። ያልነካሁት ነገር ሁለተኛ ጫማ፣ የውሃ ውስጥ ባትሪ እና ከሦስቱ ቀሚሶቼ ሁለቱ። አንዱ ለእሑድ በቅቶኛል። ያጣሁት ደግሞ የከንፈር ቅባት ነው። ጨውና ንፋስ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ማንም አላነሳልኝም፤ ለሚቀጥለው ሰው እኔ ላንሳለት።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አላገኘንም። ማዕበሉ ከባድ ነበር፣ ሦስት ሰው ታመመ፣ እኔ አልታመምኩም። በሁለተኛው ቀን ዘፋኝ አገኘን። ከሩቅ ነበር፣ መልኩን እንኳ በደንብ አላየሁትም። ድምፁ ግን በጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው። ደረቴ ውስጥ፣ የጎድን አጥንቴ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። በስኖርክሌ ውስጥ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን እናትና ግልገል አገኘን። ካሜራዬን ጀልባ ላይ ተውኩት።

ሁለቴ ሄጃለሁ

ቀረበ? ዓይኑን አየሽው?

የውሃ ዳር

አየሁት ወንድሜ። እናትየው ከታች ነበረች፣ አልተንቀሳቀሰችም። እኛም አልተንቀሳቀስንም፤ ፊኔን እንኳ አላነሳሁም። ግልገሉ በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ ይወጣል። በአራተኛው ይመስለኛል፣ ከመውረዱ በፊት በጎኑ ዘንበል አለ። ዓይኑ ከአፉ ጫፍ በላይ ነው፣ ጥቁር ቡናማ፣ ዙሪያው የቆዳ እጥፋት አለው። መጀመሪያ ጋይዱን አየ። ቀጥሎ እኔን። ዓይኑ ሲንቀሳቀስ ታየኝ፤ ከማስኬ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ እግሬ፣ ተመልሶ ወደ ማስኬ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ ከእናቱ አገጭ ሥር ገባ።

ማስኩ ውስጥ አንድም ጠብታ አልነበረም።